ላንድሮቨር አይዝግም

ጎንደር ውስጥ ያረጀ መኪና አቁሞ ቡና መጠጣት ይከብዳል። ባለመኪናው ስኒውን ሳያነሳ አንዱ መንገደኛ ጠጋ ይልና ፓራፋንጎውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳል። «ኳ!» ካለ ፊቱን ያጨማድዳል፤ «ድፍ!» ካለ ደስ ይለዋል። «ኳ» ማለት ከቀለሙ ሥር ደኅና ብረት አለ ማለት ስለሆነ አንኳኪው የሚናገረው ያጣል። «ድፍ» ሲል ግን ከቀለሙ ሥር ጣት የሚያህል ስቱኮ ተለጥፏል፣ ከስቱኮው ሥር ዝገት አለ፣ ከዝገቱ ሥር ደግሞ ምንም የለም። ይህን ለባለቤቱ የማርዳት ዕድል ያገኘ ሰው ቀኑን ሙሉ ፊቱ እንደበራ ይውላል።

አንኳኪዎች ክፍያ አይጠይቁም። አብዛኞቹ መኪና ገዝተው አያውቁም፤ ሊገዙም አላሰቡም። ግን ያንኳኳሉ። «ይቺ ተለጥፋለች» ይላሉ፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ። «የኋላዋስ?» ብለው ዞረው የኋላዋንም ያንኳኳሉ። ባለመኪናው «ግድ የለም፣ አውቃለሁ» ቢል እንኳ አይተዉትም። ያወቀው እሱ ነው፤ ሰፈሩ ገና አላወቀም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ድንግር የሚለው አሮጌ ላንድሮቨር ፊት ሲደርስ ነው። ላንድሮቨር ሲያንኳኩት «ኳ»ም አይል፣ «ድፍ»ም አይል፤ የድስት ክዳን ድምፅ ነው ያለው።

ደላሎች እየተቀባበሉ የሚስቁበት አንድ ገዢ አለ። ከደባርቅ በኩል የመጣ ጠንቃቃ ሰው ነው። ማንኳኳት የድሮ ሰው ዘዴ ነው ብሎ፣ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣትን ማግኔት በኪሱ ይዞ አሮጌ ላንድሮቨር ሊገዛ መጣ። ማግኔት ብረትን ትይዛለች፣ ስቱኮን አትይዝም፤ ወፍራም ስቱኮ ካለበት ላይ ካስጠጓት ትወድቃለች። ዘዴው እውነተኛ ነው። እንግሊዝ አገርም አሮጌ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ቀለሙን እንዳትቧጭር ማግኔቷን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል።

ሰውዬው ማግኔቷን ፓራፋንጎው ላይ ለጠፋት፤ ወደቀች። ስፖርቴሎው ላይ ለጠፋት፤ ወደቀች። ኮፈኑ ላይ አስቀምጦ ሲገፋት ተንሸራታ ሄደች። ከኋላ ሞከረ፣ ከጎን ሞከረ፤ ወደቀች። ወገቡን ይዞ ቆመና ባለቤቱን፣ ሽማግሌ ናቸው፣ በትሕትና እንዲህ አላቸው፤ «አባባ፣ እንዳይቀየሙኝ። ይህ እኮ መኪና አይደለም። ከዳር እስከ ዳር ስቱኮ ነው።»

«ልጄ፣ አሉሚኒየም ነው» አሉት።

«አሉሚኒየምማ ድስት ነው» ብሎ ማግኔቷን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ያልተነገረው ታሪክ የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት እንግሊዝ አገር ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ አንግልሲ በተባለችው የዌልስ ደሴት እርሻ ነበረው። እርሻው ላይ የሚነዳው ከጦርነቱ የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ነበር። ጂፑ ሲያረጅ የሚተካው የአገሩ መኪና እንደሌለ አየና ራሱ ሊሠራ ተነሣ። ያስቸገረው ብረት ነው። መንግሥት ብረትን በራሽን ያድል ነበር፤ አሉሚኒየም ግን የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሥራ ሲቀንስ እንደልብ ይገኝ ነበር። ስለዚህ ለመኪናው ከብረት አጥንት፣ ከአሉሚኒየም ልብስ ተሠራለትና እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1948 አምስተርዳም በተደረገው የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበ። ቀለሙ ሳይቀር ትራፊ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች የተቀቡት ለጦር አውሮፕላን ውስጠኛ ክፍል ተዘጋጅቶ በተረፈ ገርጣ ያለ አረንጓዴ ነው።

በእጥረት የተወለደ መኪና ነውና እጥረት በማይጠፋበት አገር ቢለምድ አይገርምም።

«ላንድሮቨር አይዝግም» የሚባለውም ከዚሁ ከልብሱ የተነሣ ነው። ባለላንድሮቨሮች ይህን ሲናገሩ ደረታቸውን ነፋ ያደርጋሉ፤ የዘር ሐረግ የሚቆጥሩ ነው የሚመስሉት። እውነት ነው፣ የሚታየው አይዝግም። የማይታየው ይዝጋል። ሻንሲው ብረት ነው። በሞተሩና በሹፌሩ እግር መካከል ያለው ግድግዳ ብረት ነው። ስፖርቴሎዎቹ ላያቸው አሉሚኒየም ይሁን እንጂ ውስጣቸው የብረት ፍሬም ነው። ሻንሲው ደግሞ ከወፍራም ላሜራ ተበይዶ ሳጥን ሆኖ የተዘጋ ነው፤ ጭቃና ውኃ በየቀዳዳው ይገቡበታል፣ ለመውጣት ግን አይቸኩሉም። ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ወደ ውጭ ሲወጣ ሥራውን ጨርሶ ነው። ሰው ገመናውን ሲሸፍን «ውስጡን ለቄስ» ይላል። የላንድሮቨርን ውስጥ ግን የሚያናዝዘው ባትላሜራው ነው፤ እሱም በመዶሻ።

ከዚህም የባሰ አለ። አሉሚኒየምና ብረት በተነካኩበት ቦታ መካከላቸው ውኃ ሲገባ የባትሪ ሥራ ይሠራሉ፤ በዚህ ባትሪ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ነጭ ዱቄት ይሆንና ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል፤ ቆይቶም ይበሳዋል። እዚህ ላይ ባለመኪናው አሁንም «አልዛገም» ብሎ መከራከር ይችላል፤ ዝገት የብረት ነውና ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ቀዳዳው ግን ቀዳዳ ነው። ከስፖርቴሎው ጠርዝ ነጭ ዱቄት ሲረግፍ ያየ አንድ ሹፌር ረዳቱን «ዛሬ ደግሞ ማን ነው ዱቄት ያስጫነህ?» ብሎ ተቆጥቶታል ይባላል።

የላንድሮቨር ባለቤት መጽናናት ቢያምረው የእንግሊዝን የስፖርት መኪናዎች ይጠይቅ። ኤምጂ፣ ትራያምፍ፣ ኦስቲን ሂሊ፣ ጃጓር፤ ስማቸው ሲጠራ ያምራል፣ መልካቸውም ያምራል፣ ዝገት ሲነሣ ግን ዝም ማለት ይሻላል። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ከ500,000 በላይ የተመረተው ኤምጂቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ አጥንቱ ነው። በሁለቱ ስፖርቴሎዎች ሥር የሚሄደው የላሜራ ሳጥን ከተበላ መኪናው ከወገቡ ይሰምጣል። ያኔ ስፖርቴሎው ከተከፈተ አይዘጋም፣ ከተዘጋ አይከፈትም። የገባው ባለሙያ ያንን የበሰበሰ ላሜራ ቆርጦ ከማውጣቱ በፊት የስፖርቴሎውን ክፍት ቦታ በብረት ዘንግ ወጥሮ ይበይደዋል። ይህን ያልሠራ ሰው የሚያስረክበው አዲስ ላሜራ ያለው ጎባጣ መኪና ነው።

ይህን ሁሉ ያመጣው ጨው ነው። እንግሊዞች በብርዳቸው ወራት መንገድ ላይ የሚጋገረውን በረዶ ለማቅለጥ ጨው ይበትናሉ። ዊንስፎርድ በተባለ ቦታ ከምድር በታች ቆፍረው ያወጡታል፣ በትልልቅ መኪና ይጭኑታል፣ ከዚያም አስፋልት ላይ ይደፉታል። ጨዋማው ጭቃ በየጎማው እየተረጨ ከፓራፋንጎው ሥር ይሰገሰጋል።

ይህን ለጎንደር ሽማግሌ ማስረዳት ቀላል አይደለም። አሞሌ በአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመል ወጥቶ፣ በበቅሎና በአህያ ተሻግሮ ጎንደር ገበያ ሲደርስ ገንዘብ ነበር። ሰው ቀምሶ ሳይሆን ቆጥሮ ነው የሚቀበለው። ታዲያ «አባባ፣ እንግሊዞች በየዓመቱ ጨው መንገድ ላይ ይደፋሉ፣ ከዚያ መኪናችን ዛገ ብለው ያዝናሉ» ሲባሉ ምን ይበሉ? «ይበላቸው» ነው የሚሉት፤ ፍርዱም ትክክል ነው።

የሰሜን ጎንደር መንገድ ጨው አያውቅም። ከሊማሊሞ ሥር ያለችው ድብ ባሕር ስሟ ላይ ባሕር ይኑር እንጂ የባሕር ነፋስ ደርሶባት አያውቅም። በጋው ረጅምና ደረቅ ነው፤ ብረት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማረፊያ ያገኛል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ግን የበጋውን ዕዳ ባንድ ጊዜ ነው የሚያስከፍለው። ጭቃው ሻንሲው ላይ ይደርቃል፣ ዳግም ይረጥባል፤ ማንም አያጥበውም። ሰው መኪና ሲያሳጥብ የሚያሳጥበው ፊቱን ነው።

እንግሊዛዊው ሲቸግረው አዲስ አካል ይገዛል። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የኤምጂቢን ሙሉ አካል እንደ ጥንቱ አድርጎ ያመርታል። ሰውዬው የድሮውን ሞተር፣ የድሮውን መሪና የድሮውን ወንበር አዲሱ አካል ውስጥ ይከትና «የ1965 መኪና ነው» ይላል። ማንም አይከራከረውም፤ ሊብሬው እንደዚያ ይላላ።

ጎንደር እንዲህ ያለ ሱቅ የለም። ያለው የበርሜል ላሜራ ነው። የሚፈለገው ዕቃ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ከጠፋ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከወዳደቀ ብረት ውስጥ ይፈለጋል፤ እዚያም ከጠፋ ባትላሜራው ይሠራዋል። በበርሜል ላሜራ የተጠገነ ላንድሮቨር ሥር በጀርባው ተንጋሎ የገባ ሰው የወለሉን ጥራት ብቻ አይደለም የሚያየው፤ የሞተር ዘይት ማስታወቂያም ያነባል።

ባትላሜራው ስድሳ የተሻገሩ ሰው ናቸው እንበል፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ባለመኪናው ከእግሩ ሥር ባለችው ቀዳዳ አቧራ ሲገባበት ከርሞ መጥቷል። በዚያች ቀዳዳ የሊማሊሞን መንገድ እያየ መንዳት ለምዷል፤ ተሳፋሪ ሲጠይቀው «ለነፋስ ነው» ይላል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ቀዳዳ ናት። እሷን ብቻ ይድፈኑልኝ።»

«እስቲ ልያት» ይሉና በመዶሻው ሹል ጫፍ መታ መታ ያደርጓታል። ቅርፊቱ ይረግፋል። ሳንቲም ታህል የነበረችው የስኒ አፍ ታህላለች። እንደገና መታ ያደርጋሉ፤ ሰፌድ ታህላለች።

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉት! እርስዎ እኮ እያሰፉት ነው!»

«እኔ የነበረውን ነው ያሳየሁህ፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። ዝገት ከወጣበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ ሲያዩት ያበጠና የወፈረ ይመስላል፣ ሲነኩት ግን ይረግፋል። በስቱኮ የሚለጥፍ ባለሙያ በዚህ እብጠት ላይ ቀብቶ ያስውብና ገንዘቡን ተቀብሎ ይሸኛል፤ ደንበኛው ከክረምት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ጋሼ ግን ጥሩው ብረት እስኪገኝ ይቆርጣሉ። ደንበኛ የሚሸሻቸውም ለዚህ ነው። ሰው እውነት የሚናገር ሐኪም ይፈራል፣ እውነት የሚናገር ባትላሜራ ደግሞ ይበልጥ ይፈራል፤ ሐኪሙ ቢያንስ በዓይኑ ፊት ቆርጦ አይጥልበትም።

ከቆረጡ በኋላ በካርቶን ልክ ይወስዳሉ። ካርቶኑን ላሜራው ላይ አስቀምጠው በሚስማር ጫፍ ይጭሩና በመቀስ ይቆርጣሉ፤ በእንጨት መዶሻ እያጎበጡ ከቦታው ጋር ያስማማሉ። ከዚያ ነው ባለመኪናውን የሚያናድደው ሥራ የሚጀምረው። እዚህ ጥግ አንድ ነጥብ ይበይዳሉ። ተነሥተው ሻይ ፉት ይላሉ። ከወዲያኛው ጥግ ሌላ ነጥብ ይበይዳሉ። ሻይ። መካከል ላይ አንድ ነጥብ። ሻይ። ባለመኪናው በቀን ሒሳብ የሚከፍል ከሆነ ከነጥቡ ይልቅ ሻዩን ነው የሚቆጥረው። ግን ስስ ላሜራ በአንድ በኩል ያለማቋረጥ ከተበየደ በሙቀቱ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደ ላሜራ ደግሞ ለማቃናት ከብየዳው የበለጠ ቀን ይፈጃል። እንግሊዞቹም የሚሠሩት እንዲሁ ነው፤ በየነጥቡ መካከል ሻይ መጠጣታቸውም አያጠራጥርም።

ነጥቡና ሻዩ ደኅና እየሄደ ሳለ መብራት ይጠፋል። ለዚህ የተለየ ቴክኒክ የለም።

ላሜራ ሲጠፋ የቤት ቆርቆሮ ይመጣል። ቆርቆሮ ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ አለው፤ ሲበየድ ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ጭሱም ሌሊት ብርድ ብርድ ያሰኛል። በያጆች መድኃኒቱ ወተት ነው ይላሉ። ወተት ጭሱን ከሳንባ እንደማያወጣ የጤና ሰዎች ቢናገሩም የሚሰማቸው የለም፤ ምክንያቱም ወተቱ በባለመኪናው ሒሳብ ነው የሚገዛው።

አሉሚኒየሙ ጋ ሲደረስ የጎንደር ብረት ሠሪ የአያቶቹን ዕውቀት ለጊዜው ማስቀመጥ አለበት። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባላል፤ ማንም ሲናገረው ቀይ ብረት ነው የሚታየው። አሉሚኒየም ግን አይቀላም። በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መልኩ ብዙ አይለወጥም። ፋሙን እያራገበ «ይቅላና እመታዋለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ፓራፋንጎው በዓይኑ ፊት ጠብ ብሎ ቀዳዳ ይቀርለታል። ላንድሮቨር የለመዱት አንድ ዘዴ አላቸው። የልብስ ሳሙና አሉሚኒየሙ ላይ ያሻሉ። እሳቱን ከሥር ቀስ እያሉ ያዘዋውራሉ። ሳሙናው ቢጫ ይላል፣ ቡና ዓይነት ይላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ሲጠቁር እሳቱን ያነሣሉ፤ አሉሚኒየሙ ለስልሷል፣ ያኔ የፈለጉትን ቅርጽ ያስይዙታል። ምሳሌውን የተናገሩት አባቶች ሳሙናውን አልሰሙም።

ሁለቱ ብረቶች እንዳይበላሉ ደግሞ በመካከላቸው አንድ ነገር መጋረጥ ያስፈልጋል። ፋብሪካ ለዚህ የራሱ ማሸጊያ አለው። ጎንደር ከመነዳሪ አላት። ያረጀ ከመነዳሪ በስሱ ተቆርጦ በአሉሚኒየሙና በብረቱ መካከል ይነጠፋል፣ ላዩ ላይ በሪቬት ወይም በቡሎንና ዳዶ ይታሰራል። ዳዶው ሥር ሮንዴላ ከጠፋ ሮንዴላም ከከመነዳሪው ይቆረጣል።

ይህን ሁሉ የሚፈትነው ሊማሊሞ ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ መንገዱ ከዚያ በዙሪያ ጥምጥም ገደሉን ይዞ ወደ ድብ ባሕር ይወርዳል። የተቆረጠው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። ጣሊያን ከላይ ወልቀፊት በር ላይ መሽጎ ነበር፤ ምሽጉ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፣ ጎንደርም በኅዳር ተለቀቀች። እንግሊዞቹ ያኔ በዚያ ዳገት ላይ ላንድሮቨር አምሯቸው ይሆናል፤ ሊወለድ ገና ስድስት ዓመት ያህል ይቀረው ነበር።

እንግሊዝ አገር ባለረጅሙ ላንድሮቨር ዐሥራ ሁለት ወንበር ሲገጠምለት በሕግ አውቶቡስ ተብሎ ከግዢ ግብር ነፃ ይሆን ነበር። ብዙ ሰው ዐሥራ ሁለተኛ ወንበር የገዛው ለሚቀመጥበት ሰው አይደለም፤ ለግብሩ ነው። የሰሜን ጎንደር ረዳት ይህን ሕግ ቢሰማ ዐሥራ ሁለት የመነሻ ቁጥር መሆኑን ነው የሚረዳው። ከውስጥ ሲሞላ ኋላ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከኋላ ሲሞላ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ከጣሪያው በላይ ጤፍና በግ አለ። ሻንሲው ከውስጥ የተበላ እንደሆነ ደግሞ የሚታጠፈው ሜዳ ላይ አይደለም፤ ዙሪያ ጥምጥሙ መካከል ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቢሮ ጣጣ ይመጣል። በብዙዎቹ አሮጌ ላንድሮቨሮች የሻንሲው ቁጥር የተመታው በቀኝ በኩል የፊተኛው ባሌስትራ በሚታሰርበት ብረት ላይ ነው፤ ጎማው ጭቃ የሚረጭበት ቦታ ነው። ዝገት ከመኪናው አካል ሁሉ መርጦ መታወቂያውን ይበላል። ቦሎ ሊያሳድስ የሄደ ሰው ሊብሬውን ይዞ፣ መርማሪው የብርጭቆ ወረቀትና ባትሪ ይዞ፣ ሁለቱም መሬት ላይ ተንበርክከው አንዲት «ሦስት» ቁጥር «ስምንት» ናት አይደለችም እያሉ ሲከራከሩ ማየት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ባለመኪና ሌላውን ሁሉ ጭቃ አልብሶ ያችን ቦታ ብቻ ግሪስ እየቀባ ይጠብቃታል።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በእንግሊዛዊ እጅ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ ሰው ሲድሌይ መኪናውን ከጅቡቲ አንሥቶ በበረሃና በገደል እየጎተተና እያስጎተተ አምጥቶ ለዐፄ ምኒልክ አቀረበ። በዚያው ዓመት ምኒልክ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም የእጅ ሙያተኛ በሥራው እየጠሩ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መኪናውን አስቦ የወጣ አይደለም። ግን መኪና የገባበት አገር ከዚያ በኋላ ቀጥቃጭን ሰድቦ የትም እንደማይደርስ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሁሉም አወቀ።

ጎንደር ይህን ከማንም ይልቅ ታውቃለች። ከከተማዋ አጠገብ ወለቃ የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ለዘመናት የገበሬውን ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ኖረዋል። ቀን ማረሻውን የሚያሳድሰው ሰው ማታ ዓይናቸውን ይፈራ ነበር፤ የሰው ልጅ ከሚያስፈልገው ሰው ጋር የሚጣላበት ዘዴ ብዙ ነው። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ታላላቅ ጉዞዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ ባለመኪናው ባትላሜራው ደጅ በጠዋት ይቆማል፤ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ለዓርብ ብቻ» እያለ ይለምናል። ዓይናቸውን የሚፈራው አሁን ሌላ ነገር ስላየበት ነው፤ ቀዳዳ።

ዓርብ ደግሞ የትኛዋ ዓርብ እንደሆነች አይነገርም። ባለመኪናው በቀጠሮ መመላለስ ሲበዛበት «እንግሊዝ አገር ቢሆን» ይላል። እንግሊዝ አገር ቢሆን ኤምጂውን ፈታትቶ ጓሮው ውስጥ ያስቀመጠ ጡረተኛ ስንት ክረምት «ዘንድሮ እጨርሰዋለሁ» ሲል ሚስቱ ትሰማዋለች። የመስፍን ቤት ሲሆን ብቻ ነው ወሬው የሚያምረው። የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤት ልዑል ፊሊፕ አስከሬናቸው የሚሄድበትን ላንድሮቨር በሕይወት ሳሉ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲያሻሽሉት ኖሩ፤ በወታደር አረንጓዴ አስቀቡት፤ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዚያው ተሸኙ። ቀጠሮውን ያላጓደለ ላንድሮቨር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ፋብሪካው ይህን የድሮውን ዘር ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 ነው። ወደዚህ ስንመለስ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ከውጭ ማስገባትን አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው አንገቱን ቀና ማድረግ ጀመረ። ትናንት «ብረቱን ሽጠው» ይሉት የነበሩት ዛሬ «እንዳትሸጠው» ይሉታል። ማግኔት ይዞ የመጣው ሰውዬም ያን ላንድሮቨር ዳግም ፈልጎት ነበር አሉ፤ ሽማግሌው ዋጋውን ሲነግሩት «ለድስት?» ብሏል።

ጥገናው ሲያልቅ የቀለም ነገር ይቀራል። ባለመኪናው የጥንቱን አረንጓዴ ነው የሚፈልገው።

«አረንጓዴ አልቋል» ይላሉ ጋሼ፤ ኮምፕሬሰሩን እየነካኩ። «ከባጃጆች የተረፈ ሰማያዊ አለ። ለአንተ በግማሽ ዋጋ።»

«ኧረ ጋሼ! ሰማያዊ ላንድሮቨር የት አይተው ያውቃሉ?»

«አንተ አይደለህም እንዴ እንግሊዞቹ ከአውሮፕላን የተረፈ ነው የቀቡት ያልከኝ? ታዲያ ከባጃጅ የተረፈ ምን ነውር አለው?»

ባለመኪናው ዞር ብሎ ኪሱን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ ኮፈኑን ያያል። በመጨረሻ ይስማማሉ፤ ጥቂት ተፈልጋ በተገኘችው አረንጓዴ ኮፈኑ ይቀባል፣ የቀረው ሰማያዊ ይሆናል፤ ከገንዘቡ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ዓርብ። ረዳቱም ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት ወተት ሊገዛ ይሮጣል።

«ለኮምፕሬሰርም ወተት?» ይላል ባለመኪናው።

«የቀለም ጭስ ደግሞ ይብሳል» ይሉታል ጋሼ፤ «ሁለት ሊትር በለው።»